ላፕቶፓችን ሳናየው ስንት ይጽፋል? በአሽቀሎን ባቡር ጣቢያ የቀረበ ዲስኩር



 

ጠዋት ጠዋት ከዚህ ጣቢያ የሚሳፈረውን ወጣት ተመልከቱት። ወደ ሰሜን አሽዶድን አልፎ ቴል አቪቭ የሚሄድ አለ። ወደ ደቡብ በስዴሮት፣ በነቲቮትና በኦፋኪም አድርጎ ቤርሸባ የሚወርድ አለ። የሳፒር ኮሌጅ ተማሪውም፣ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተማሪውም፣ ቢሮ የሚገባውም መቀመጫ እንዳገኘ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ይዘረጋል። ያ ላፕቶፕ በብዙ ቤት እናት ትርፍ ሰዓት ሠርታ፣ አባት በየወሩ እየከፈለ የገዙት ነው። ስለዚህ ዕድሜው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ዛሬ የምናገረው ያንን ዕድሜ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚበላ ነገር ነው፤ ማሽኑ እኛ ሳናዘው በዲስኩ ላይ ስለሚጽፈው ብዛት።

ድሮ በኮምፒውተር ውስጥ የነበረው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን ነበረው። ዛሬ በአዲስ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ኤስኤስዲ ምንም የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ መረጃን የሚይዘው በቺፕ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙላት በማቆየት ነው። ሁላችንም በኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ የተሠራበት ነገር ነው። ፈጣን ነው፣ አይጮህም፣ ባቡሩ ቢንገጫገጭም ግድ የለውም። አንድ ጠባይ ግን አለው። ማንበብ ብዙም አያደክመውም፤ መጻፍና መሰረዝ ግን ያደክመዋል።

ይህን ለመረዳት የአገራችንን የኢትዮጵያን የብራና ጸሐፊ አስቡት። ኦሪቱን ሲጽፍ ቃል ቢስት ቀለሙን በምላጭ ፍቆ ያርማል። አንድ ጊዜ ቢፋቅ ብራናው ይችላል፤ ሁለቴም ይችላል። አንዱን ቦታ ደጋግሞ ቢፍቀው ግን ብራናው ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። ኤስኤስዲም እንዲሁ ነው። እንዲያውም የእሱ ይብሳል፤ አንድ ቃል ለማረም ጥራዙን በሙሉ መፋቅ ግድ ይለዋል። የሚጻፈው በጥቂት ኪሎባይት ገጽ ሲሆን የሚሰረዘው ግን በርካታ መቶ ገጾችን በያዘ ብሎክ ነው። ስለዚህ በዲስኩ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕ አሁንም የሚያስፈልጉትን ገጾች ወደ ሌላ ብሎክ ይገለብጥና አሮጌውን ብሎክ ያጸዳል። እኛ አንድ ጊጋ ጻፍን ስንል ዲስኩ በውስጡ ሁለት ወይም ሦስት ጊጋ ጽፎ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ሞልቶ ባዶ ቦታ ሲያጣ ደግሞ ይህ ድርብ ሥራ ይበዛል።

ታዲያ ስንት ጊዜ ይፋቃል? የኤሌክትሪክ ሙላቱ የሚቀመጥበት ትንሹ ክፍል ሴል ይባላል። በአንድ ሴል አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው የቀድሞው ዓይነት እስከ 100,000 ጊዜ ይችል ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ላፕቶፕ የሚገባው በአንድ ሴል ሦስት ቢት የሚይዘው ሲሆን፣ የሚችለው ከ1,000 እስከ 3,000 ጊዜ ያህል ነው። አራት ቢት የሚይዘው ከዚያም ያንሳል። ዲስክ የረከሰው በአንድ ሴል ብዙ ስለሚታጨቅ ነው፤ ርካሹን ስንገዛ ከጽናቱም እየቀነስን መሆኑን ማወቅ ይገባናል።

እዚህ ላይ ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፍላሽ ሚሞሪን የፈለሰፉት በቶሺባ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱዎካ ናቸው፤ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1984፣ ዛሬ በኤስኤስዲ ውስጥ ያለውን ናንድ የተባለውን ዓይነት በ1987 ለዓለም አቀረቡ። ድካሙን ለማሸነፍ ከታገሉት መካከል ግን የዚህ አገር ሰዎች ብዙ ናቸው። ዶቭ ሞራን በ1989 ክፋር ሳባ ውስጥ ኤም ሲስተምስ የተባለውን የፍላሽ ኩባንያ መሠረቱ። የኩባንያው መሐንዲስ አሚር ባን ፍላሽ ለኮምፒውተሩ ተራ ዲስክ መስሎ እንዲታይ የሚያደርገውን አሠራር ቀይሰው በ1995 የአሜሪካን የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። የፍላሽ አምራቹን ሳንዲስክን በ1988 አሜሪካ ውስጥ ከመሠረቱት አንዱ የቴል አቪቩ ተወላጅ ኤሊ ሐራሪ ናቸው። ርካሽ ፍላሽ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያገለግል የሚያደርግ ቴክኖሎጂ የሠራውን የሄርጽሊያውን አኖቢትን አፕል በ2012 መጀመሪያ ገዛው። ከዚህ ብዙ በማይርቀው በቂርያት ጋት፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ከተማ፣ በ1999 በተከፈተው የኢንቴል ፋብሪካም ለተወሰኑ ዓመታት ፍላሽ ሚሞሪ ተመርቶበታል። ይህን የምዘረዝረው የሩቅ ሰው ሥራ እንዳይመስላችሁ ነው። እናንተ በየቀኑ የምታልፉበት መንገድ ዳር የተሠራ ሥራ ነው፤ ልትገቡበትም ትችላላችሁ።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። አምራቾች ለእያንዳንዱ ኤስኤስዲ የጽሕፈት ጣሪያ ያወጡለታል፤ ዋስትናውም እስከዚያ ድረስ ነው። ለምሳሌ ሳምሰንግ 970 ኢቮ ፕላስ ባለ 500 ጊጋው 300 ቴራባይት፣ ባለ 250 ጊጋው 150 ቴራባይት ተሰጥቶታል፤ ወይም አምስት ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው። በሴል አራት ቢት የሚይዘው ክሩሻል ፒ3 ደግሞ ባለ 1 ቴራባይት ሆኖ ሳለ ጣሪያው 220 ብቻ ነው።

አሁን እናስላ። ሰነድ የሚጽፍ፣ ኢንተርኔት የሚያይ፣ በዙም የሚማር ሰው በቀን 20 ጊጋባይት ቢያስጽፍ፣ 300 ቴራባይቱ የሚያልቀው በ15,000 ቀን፣ ማለትም በ41 ዓመት ነው። ያ ላፕቶፕ ከዚያ በፊት በሌላ ምክንያት ይጣላል። ጣሪያው ራሱም የሞት ቀን አይደለም። ቴክ ሪፖርት የተባለው ድረ ገጽ ከ2013 እስከ 2015 ስድስት ኤስኤስዲዎችን እስኪሞቱ ድረስ ያለማቋረጥ ሲያስጽፋቸው ስድስቱም ከ700 ቴራባይት በላይ ቆዩ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 2,000 ቴራባይትን አለፉ። ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ በፍርሃት እንቅልፍ የምታጡበት ምክንያት የለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ በፍርሃት ተነሥተው ማሽናቸውን የሚያሽመደምዱ ሰዎች ስላሉ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ሥራ ፈትቶ ቁጭ ባለ ማሽን ላይ ቀን ከሌሊት ሲጽፍ ነው የምንጎዳው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሆነውን ተመልከቱ። የዘፈን ማጫወቻው ስፖቲፋይ በኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፣ ዘፈን ሳይጫወት እንኳ፣ የራሱን የመረጃ ቋት እየደጋገመ እንደ አዲስ ይጽፍ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 ጊጋባይት ያህል እንደተጻፈባቸው የተናገሩ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ሰዎቹ የሚያውቁት ሙዚቃ እንደሚሰሙ ብቻ ነው። ችግሩ የተስተካከለው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በወጣ አዲስ እትም ነው። በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ኤም 1 ቺፕ ያላቸውን አዳዲስ የአፕል ላፕቶፖች የገዙ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልጠበቁት ትልቅ የጽሕፈት ቁጥር አዩና ደነገጡ። ዲስኩ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዶ የሚመጣ ስለሆነ ድንጋጤያቸው እውነት ነበረው፤ ዲስኩ ካለቀ ማሽኑ አለቀ ማለት ነውና።

ይህ ድካም ሰው ሜዳ ላይ እስከማስቀረት እንደሚደርስ ያሳየው ግን ላፕቶፕ ሳይሆን መኪና ነው። ቴስላ በ2021 አሜሪካ ውስጥ 135,000 ያህል ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ለጥገና እንዲጠራ ሆነ። በመኪኖቹ ትልቁ ስክሪን ውስጥ ያለው 8 ጊጋባይት ፍላሽ፣ ሲስተሙ ያለማቋረጥ የውስጥ መዝገብ እየጻፈበት፣ በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥ የጽሕፈት ዕድሜውን ይጨርስ ነበር። ፍላሹ ሲያልቅ ስክሪኑ ይጠፋል፤ ስክሪኑ ሲጠፋ የኋላው ካሜራ አብሮ ይጠፋል። ባለ መኪናው ግን ያን መዝገብ አያየውም ነበር።

እንግዲህ ፍርሃቱንም ግዴለሽነቱንም ትተን መለካት አለብን። ዲስኩ ራሱ ስንት እንደተጻፈበት ይቆጥራል፤ ቁጥሩን የሚደብቀን የለም። ዊንዶውስ ያላችሁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ቶታል ሆስት ራይትስ በሚለው ፊት ለፊት የተጻፈውን ጊጋባይት፣ ፓወር ኦን አወርስ በሚለው ፊት ለፊት ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት ታገኛላችሁ። ሊኑክስና ማክ ላይ ስማርት ሞን ቱልስ የሚባለው ይሠራል። እሱ ላይ ዳታ ዩኒትስ ሪትን የሚል መስመር አለ፤ አንዱ ዩኒት 512,000 ባይት ነው። እንበልና መስመሩ 8,214,300 ካለ፣ ያ 4.2 ቴራባይት ነው። ዲስኩ የሠራው 410 ሰዓት ከሆነ በሰዓት 10 ጊጋባይት ተጽፏል ማለት ነው። ማሽኑ በቀን ስምንት ሰዓት ቢከፈት 82 ጊጋባይት ነው። የጽሕፈት ጣሪያው 150 ቴራባይት በሆነው ዲስክ ላይ ይህ የአምስት ዓመት ዕድሜ ይሰጣል። ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ከሆናችሁ ሥራችሁ ነው፣ አትጨነቁ። ኢሜይል ብቻ የምታዩ ከሆናችሁ ግን አንድ ነገር ቤት ሰብሮ ገብቷል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ግን ለፍርድ አትጠቀሙበት። አዲስ ላፕቶፕ እንደተከፈተ ዝማኔ ያወርዳል፣ ፋይሎችን ሁሉ ለፍለጋ እንዲመቹ ይመዘግባል፣ ደመና ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ ይጎትታል። በዚያ ሳምንት ቁጥሩ ቢያሻቅብ ጤነኛ ነው። ላፕቶፑ ከካርቶኑ በወጣበት ቀን ቁጥሩን ጻፉ፤ ሳምንቱ ካለፈ በኋላ አንድ የተለመደ የሥራ ቀን ምረጡና ጠዋትና ማታ ያለውን አነጻጽሩ። ልዩነቱ የቀኑ ጽሕፈት ነው።

ቁጥሩ ከሥራችሁ ጋር ካልተመጣጠነ ጥፋተኛውን ለማግኘት አንድ ምሽት ይበቃል። በዊንዶውስ ሪሶርስ ሞኒተርን ክፈቱ፣ ዲስክ የሚለውን ገጽ ምረጡ፣ ራይት የሚለውን ዓምድ ተጫኑትና ብዙ የሚጽፈው ከላይ ይምጣ። በማክ አክቲቪቲ ሞኒተር ውስጥ ዲስክ የሚለው ገጽ ላይ ባይትስ ሪትን የሚል ዓምድ አለ። አሥር ደቂቃ ምንም ሳትነኩ ተመልከቱት። ከላይ የወጣው ዋንድራይቭ ወይም ጉግል ድራይቭ ከሆነ ምናልባት በየደቂቃው የሚቀየር ትልቅ ፋይል ደጋግሞ እያወረደና እየሰቀለ ነው። ጨዋታ የሚወዱ ልጆች ያላችሁ ቤት ከጀርባ ቪዲዮ እንዲቀዳ የሚያደርገው ማስተካከያ በርቶ እንደሆነ እዩ፤ ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር ማንም የማያየው ቪዲዮ ይጻፋል። ብሮውዘሩ ከሆነ ያልተዘጉ ገጾችን ቁጠሩ።

ብዙ ጊዜ ግን ከላይ የሚወጣው ሲስተም የሚለው ስም ነው፤ የሚጻፍበትም ፋይል ፔጅፋይል ይባላል። በማክ ላይ ከርነል ታስክ ብሎ ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኔ ግምት በወገኖቻችን ቤት ትልቁ በሽታ ይህ ነውና። ፔጅፋይል ላይ ብዙ የሚጻፈው ራም፣ ማለትም ማሽኑ በሥራ ላይ ያለውን የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ሲያንስ ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የያዘው ሥራ ራሙ ውስጥ አልገባ ሲል፣ የማይጠቀምበትን ክፍል ዲስኩ ላይ ይጥላል፤ ስትመለሱበት ያነሣል፤ ሌላውን ይጥላል። 4 ጊጋ ራም ያለው ርካሽ ላፕቶፕ ላይ ዙም ክፈቱ፣ ሃያ የክሮም ገጽ ክፈቱ፣ አንድ የወርድ ሰነድ ክፈቱ፤ ቀኑን ሙሉ ሲጥልና ሲያነሣ ይውላል። ልጁ ማሽኑ ቀርፋፋ ነው ይላል፤ እናቱ ልጁ አበላሸው ትላለች፤ ዲስኩ መሃል ላይ ያልቃል። ጥፋቱ የልጁም የእናቱም አይደለም። ሱቅ ውስጥ 500 ጊጋ ዲስክ የሚለውን በትልቁ ለጥፎ የራሙን ልክ በጥቃቅን ፊደል የጻፈ ሰው ነው ያሳሳታቸው።

መድኃኒቱም ከዚሁ ይመነጫል። ራም የሚጨመርበት ማሽን ከሆነ ጨምሩበት፤ ለላፕቶፕ የምታወጡት ገንዘብ እንደዚህ የሚክስበት ቦታ የለም። የማይጨመርበት ከሆነ በክሮም ውስጥ ሜሞሪ ሴቨር የሚለውን አብሩት፤ የማታዩዋቸውን ገጾች ያስተኛል። ከማሽኑ ጋር አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች አጥፉ። ዲስኩንም አትሙሉት፤ ከአምስት እጅ አንዱን ባዶ ብትተዉለት ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ ድርብ ሥራ ይቀንሳል።

በባቡር የምትመላለሱ ደግሞ የምትጠይቁት አለ። ክዳኑን ስዘጋው ሃይበርኔት እያደረገ ራሙን ሁሉ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ይህ አይጎዳውም ወይ የሚል ነው። እናስላው። 16 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ዊንዶውስ ለዚህ የሚይዘው ፋይል የራሙን 40 በመቶ፣ 6.4 ጊጋ ያህል ነው። እዚህ ስትሳፈሩ አንድ ጊዜ፣ ማታ ስትመለሱ አንድ ጊዜ፣ በቀን 13 ጊጋ ቢሆን ነው። 300 ቴራባይት በዚህ ብቻ የሚያልቀው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ያለ ሐሳብ ዝጉት። እንዲያውም በቦርሳ ውስጥ እየሠራ ከሚግል ሃይበርኔት ቢያደርግ ይሻለዋል።

ከፍርሃት የሚመጣውን ጥፋትም ልጥቀስ። ፔጅፋይልን ጨርሶ የሚያጠፉ አሉ፤ ራም ባለቀ ቁጥር ፕሮግራሙ ይወድቅና ያልተቀመጠው ሥራ ይጠፋል። ኤስኤስዲን እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ ዲፍራግ የሚያደርጉ አሉ፤ ይህ ያለ ጥቅም ማስጻፍ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ራሱ በየጊዜው ትሪም የሚባለውን ትእዛዝ ለዲስኩ ይልካል፤ የትኛው ገጽ እንደማያስፈልግ ይነግረዋል፤ እሱን አትንኩት። ዲስክ እናድሳለን፣ ኮምፒውተር እናፈጥናለን እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ፕሮግራሞችን ደግሞ አትግዙ። ያለቀን ሴል የሚያድስ ፕሮግራም የለም።

ብዙዎቻችን ያገለገለውን ላፕቶፕ ጎንደርና አዲስ አበባ ላለ ዘመድ እንልካለን። መልካም ነው። ግን ከመላካችን በፊት ቁጥሩን እንይ። ስማርት ሞን ቱልስ ላይ ፐርሰንቴጅ ዩዝድ የሚለው፣ ያለቀውን የጽሕፈት ዕድሜ በመቶኛ የሚያሳየው መስመር 80 ወይም 90 ላይ ደርሶ ከሆነ፣ ዲስኩ የሚቀየር ዓይነት ሲሆን አዲስ ገዝተን እናስገባለት። ተቀባዩ የምረቃ ጽሑፉን እዚያ ላይ ነው የሚጽፈው። መርካቶም ሆነ እዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ሻጩን ይህን ቁጥር እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ካላሳየ አትግዙት።

አባቶቼና እናቶቼ፣ በሱዳን በረሃ ያለፋችሁበትን፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣችሁበትን ታሪክ ልጆቻችሁ በቪዲዮ እየቀረጹ ነው። ያ ቅጂ ብዙ ጊዜ ያለው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ስለ ኤስኤስዲ የተደነገገው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ የጽሕፈት ጣሪያውን የጨረሰ የቤት ዲስክ መብራት ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሙቀት ቢቀመጥ መረጃውን ለአንድ ዓመት እንዲይዝ ነው የሚጠይቀው። ከዚያ በላይ ቃል የገባ የለም። አሽቀሎን በነሐሴ ስንት ዲግሪ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ያለቀ ዲስክ ውስጥ ያለ ድምፅ በመሳቢያ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሽማግሌ ድምፅ ያለው ሁሉ ሁለተኛ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛውን በሌላ ቤት ያስቀምጥ።

ልመናዬ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የላፕቶፓችሁን ቁጥር ከነቀኑ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ለልጃችሁ ላፕቶፕ የምትገዙም ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ስለ ራሙ ጠይቁ፤ ከ8 ጊጋ በታች የሆነውን፣ አቅም ካላችሁም ከ16 በታች የሆነውን አትግዙ። ቀጥሎ ዲስኩ የሚቀየር ነው ወይስ የተበየደ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

 ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ቅረቡ፤ ቁጥሩን አብረን እናያለን።